ድምፄ ያዘዘው ጭነት

ሰመራ በሚገኝ አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ነኝ። ከጅቡቲ የሚወጣ መኪናችን የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚያራግፍ፣ የትኛው ፍተሻ ላይ ሰልፍ እንዳለ ለሹፌሮቹ የምነግረው እኔ ነኝ። ሹፌሮቻችን ማንበብ አይችሉም ማለቴ አይደለም። ግን ተሳቢ እየጎተተ፣ በዚያ ሙቀት፣ ማን ስልክ ላይ ጽሑፍ ያነባል? ስለዚህ ሥራችን ከጅምሩ በድምፅ ነበር። በቴሌግራም ሁላችንም ያለንበት አንድ ቡድን ነበረን። እኔ የድምፅ ቁልፉን ተጭኜ እናገራለሁ፣ እነሱ ጋቢና ውስጥ ሆነው ያዳምጣሉ። "ዲቾቶ ላይ መኪና ተገልብጧል፣ አትቸኩሉ።" "የዛሬው ጭነት አዳማ ነው የሚራገፈው።" በቃ፣ ይኸው ነው። "ይቺ ሴትዮ ቃል የምትሰጠን በሚዛን ነው" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

እውነታቸውን ነው። ብዙ ማውራት አልወድም፣ ሰው ነገር ሲያንዛዛብኝም ደሜ ይፈላል። ድምፄን ግን ሁሉም ያውቁታል። አንድ ቀን ሎጊያ አንዲት ሱቅ ገብቼ የሳሙና ዋጋ ስጠይቅ ከኋላዬ የቆመ፣ አይቼው የማላውቅ ሰው "አንቺ ስምሪቷ አይደለሽ!" ብሎ ጮኸ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። ሰው በፊቱ ሳይሆን በድምፁ መታወቁ የሚያኮራ ነገር ይመስለኝ ነበር።

እናቴ አዋሽ ሞተች። ከወሎ የመጣችው በልጅነቷ ነው። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታ እኔንና ወንድሜን በዚያ አሳድጋናለች። ቤቷ የሹፌር ቤት ነበርና ሞቷ ሲሰማ በአዋሽ የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ መኪናውን ዳር እያቆመ ለቅሶ ደረሰ። የመንገድ አቧራ ሳያራግፉ ገብተው ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ጥቂት ዝም ብለው ይቆዩና ተነሥተው ወደ መሪያቸው ይመለሳሉ። አንዳንዱ ሩዝ፣ አንዳንዱ ስኳር ይዞ ይመጣል። ሌሎቹ ደግሞ ለሰደቃ የሚሆን በግ ጭነው አመጡ። እንደዚያ ዓይነት ሰዎች መሆናቸውን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አውቅ ነበር፣ ግን ለኔ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ሰመራ ስመለስ ማመስገን ፈለግኩ። ለያንዳንዱ መደወል አይቻልም፤ ስለዚህ እንደ ልማዴ ተጭኜ ቡድኑ ላይ ተናገርኩ። ያን ጊዜ ግን አጭር አልሆነልኝም። እናቴ እንዴት እንደታመመች፣ በመጨረሻ ሰሞን "ልጆቼ መንገዱን በሰላም አለፉት?" እያለች ስለ ሹፌሮቹ ትጠይቅ እንደነበር፣ ድንኳኑ እንዴት እንደሞላ ተናገርኩ። መሀል ላይ ሳግ ያዘኝ። ጣቴን አላነሣሁም፣ እያለቀስኩ ቀጠልኩ፣ እያለቀስኩ ጨረስኩ። በዚያ ቡድን ላይ እንደዚያ ረዘም አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን የቀለደ አልነበረም። "አብሽሪ"፣ "አላህ ይርሐማት" የሚሉ መልእክቶች ሲገቡ ዋሉ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት የአዳማ ደንበኛችን ቢሮ ደወለ። የመኪና ጎማ አስመጪ ነው። "ጎማዬ የት ደረሰ? ትናንት መግባት ነበረበት" አለ። ጎማውን ለጫነው ሹፌር ደወልኩለት። ይህ ሰው እኛ ዘንድ ብዙ ዘመን የነዳ፣ ቤተሰቡ ኮምቦልቻ የሚኖር፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እኔን "እታለም" ነው የሚለኝ፣ እኔም "ወንድምዓለም" እለዋለሁ።

"እታለም፣ እንዴት አደርሽ? እንዳልሽኝ አራግፌ አዋሽ ገብቻለሁ" አለኝ።

"የት ነው ያራገፍከው?"

"መልካ ወረር ነዋ።"

"ማን አዘዘህ?"

ቀስ ብሎ "አንቺ ነሻ" አለኝ።

ጮኽኩበት። ምን ምን እንዳልኩት ሁሉንም አላስታውስም፤ "ከማን ጋር ተመሳጥረህ ነው?" ማለቴን ግን አስታውሳለሁ። እሱ "ላኢላሃ ኢለላህ" ብቻ አለ። ሰዎቻችን መልካ ወረር ሄደው መጋዘኑን ሲያዩት ባዶ ነበር። ጥበቃው "ሰዎች ተከራይተውት ነበር፤ ጎማ ሲራገፍ አይቻለሁ፣ ወዲያው በአይሱዙ ጭነውት ሄዱ" ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም።

ሹፌሩ በማግስቱ ራሱ መኪናውን ይዞ ሰመራ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከፈተው።

ድምፄ ነበር። "ወንድምዓለም፣ ስልኬ ተበላሽቶ በሌላ ነው የላክሁልህ። ጎማውን አዳማ እንዳትወስደው። ባለቤቱ ለመልካ ወረር ሰዎች ሸጦታል፤ እዚያ አራግፍ።" በላዩ ላይ ፎቶዬ አለ። ቀጥሎ የሱ ድምፅ መጣ፦ "እታለም፣ ምነው ድምፅሽ ደከመ?" ከዚያ እንደገና እኔ፦ "ሐዘን አይደል፤ ምን ላድርግ ብለህ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ እዚያ ላይ አቆመውና ቀና ብሎ አየኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አየኝ። አሁንም ሳስበው የሚያስፈራኝ፣ ለአንድ አፍታ እኔም ራሴን መጠየቄ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ብዬው ረስቼ ይሆን? ከዚያ "እኔ አይደለሁም" አልኩ። ቃሉ የወጣው ግን አሁን በሰሙት በዚያው ድምፅ ነበር፤ ማንም እንዳላመነኝ ከፊታቸው አነበብኩ።

ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደለም። "ወይ አንቺ አዘሻል፣ ወይ እሱ ይህን አሠርቶ መጥቷል። ሌላ መንገድ ካለ አሳዩኝ" አለ። ሌላ መንገድ ያሳየው አልነበረም። አዎ፣ ድምፁ የኔ ነው ብል ሹፌሩ ነፃ ይወጣል፣ እኔ እታሰራለሁ። የኔ አይደለም ብል ደግሞ ጎማው የወረደው ከሱ መኪና ላይ ነው። የኔ አይደለም አልኩ፤ እውነቱ እሱ ነዋ። ፖሊስ ሹፌሩን ወሰደው። እኔን "ስትፈለጊ ትጠሪያለሽ" ብለው ለቀቁኝ። የቢሮ ሰው ስለሆንኩ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

የሹፌሩ ሚስት ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። "እህቴ፣ ልጆች አሉን፤ በአላህ ይሁንብሽ እውነቱን ተናገሪ" አለችኝ።

"እውነቱን ነው የተናገርኩት" አልኳት።

"እሱም እውነቱን ነው የሚናገረው" ብላ ዘጋችው። ተናድጄ ስልኩን ወረወርኩት። የተናደድኩት ትክክል ስለሆነች ነበር።

ከአዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ማጭበርበር የሚመረምር ባለሙያ ተላከ። ቀጭን፣ ገና ወጣት፣ ማዳመጫውን ከአንገቱ የማያወርድ ሰው ነው። የሰመራ ሙቀት አናቱን መትቶት ውኃ በላይ በላይ ይጠጣል። መጀመሪያ ጠልቼው ነበር። እንደ ሕመምተኛ አፌን እየከፈትኩ "አዳማ" በይ፣ "እንዳትወስደው" በይ እየተባልኩ ቃል ስደጋግም መዋሌ አንገበገበኝ። በመጨረሻ "አንተ ሰውዬ፣ ውሸታሙን ታወጣለህ ወይስ በኔ ትቀልዳለህ?" አልኩት።

አልተቆጣም። "ድሮ ሥራችን እሱ ነበር" አለኝ። "ሐሰተኛ ማኅተም፣ ሐሰተኛ ሰነድ። የሚዋሸው ሰው ፊትህ ይቀመጣል፣ ትጠይቀዋለህ፣ ይንተባተባል፣ ትይዘዋለህ። አሁን የምጠይቃቸው ሰዎች ሁሉ እውነት ነው የሚናገሩት። ንብረቱ ግን የለም።"

አንድ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን የተሠራ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ደውሎ ገንዘብ እንዳስወጣ፣ ያወጣችው ገንዘብ ያዥ እስካሁን ሥራ ማግኘት እንዳልቻለች ነገረኝ። አብሮት የሚሠራ አንድ መርማሪ ደግሞ ከቤቱ ሲደወልለት ድምፁን አላምን እያለ ስልክ ማንሣት አቅቶት ሥራውን ለቋል። "እኔም" አለኝ፣ "እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የምሰማው የምትለውን አይደለም። ትንፋሿን ነው የምመረምረው። እሷም አውቃብኛለች፤ ትጨርስና ‘አሁንስ እኔ ነኝ?’ ትለኛለች።" ይህን ሲናገር ፈገግ ለማለት ሞክሮ ነበር። ከዚያ በኋላ አልጠላሁትም።

"ረዘም አድርገው የተናገሩበት ድምፅ የለም?" ብሎ ጠየቀኝ። የለም፣ እኔ አጭር ነው የምናገረው አልኩት።

"ይህ ከአጭር ትእዛዝ የተሠራ አይደለም" አለኝ። "ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልሰማውን ከራሱ አያመጣም። ያዳመጠውን ነው የሚመልሰው። ይሄ ድምፅ ደግሞ ጎማ አራግፍ ሲል እንኳ ውስጡ ለቅሶ አለ። እርስዎ ሰው በተሰበሰበበት አልቅሰው ያውቃሉ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ተነሥቼ ወጣሁና በረንዳው ላይ ቆምኩ። ሜዳውን እየጠረገ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ፊቴን ገረፈኝ። ጎማ ይሰረቃል፣ ዘይት ይሰረቃል፤ ይህ መንገድ ሌባ አይቶ አያውቅም አልልም። እናቴን ያለቀስኩበትን ድምፅ ወስደው ጎማ ሊሰርቁበት ግን እንዴት ያስችላቸዋል? እርግማን አላውቅበትም፤ ያን ቀን ግን ረገምኳቸው።

በነጋታው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ሹፌሩ ግቢው ውስጥ ካለች የግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ጢሙ አድጓል። የተገኘውን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

"ወላሂ፣ ነገሩ አላማረኝም ነበር" አለ። "መልካ ወረር ጎማ አራግፈን አናውቅም። መኪናውን አቁሜ በድሮው ስልክሽ ልደውልልሽ ቁጥርሽን አውጥቼ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ተውከው?"

"ሐዘንተኛ ነሻ። ድምፅሽ ውስጥ ሐዘኑን እየሰማሁት፣ ሐዘንተኛን ሰው ‘እርግጠኛ ነሽ ወይ?’ እያልኩ ልጨቅጭቅ? አፈርሁ። የታዘዝኩትን ላድርግላት፣ አላድክማት አልሁ።"

ይህን ሰው ያሳሰረው ስግብግብነት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ያሳሰረው ይሉኝታው ነው። ሌላ አገር ያለ ሹፌር ደውሎ ያጣራ ነበር፤ የእኛ ሰው ግን ሐዘንተኛ አይጠይቅም። ሌቦቹ ይህን አስበውበት ይሁን፣ ወይስ ያገኙት ድምፅ እሱ ብቻ ስለነበረ ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም።

ባለሙያው ለፖሊስ መርማሪው፣ ለኢንሹራንሱ ሰውና ለአዳማው ደንበኛ ሁለቱን ድምፆች ጎን ለጎን ማሰማት እንዳለበት ነገረኝ። "ወረቀት ላይ ጽፌ ልሰጣቸው እችላለሁ፤ ግን አያምኑም" አለኝ። "መስማት አለባቸው። የእርስዎ ፈቃድ ነው። አይሆንም ካሉ አልፈርድብዎትም።"

ለወንድሜ አዋሽ ደወልኩለት። "የእናታችንን ለቅሶ ስብሰባ ላይ ልታሰሚ ነው?" ብሎ ተቆጣ። "ለነጋዴና ለፖሊስ?" እሱ እንዲህ ሲል እኔም አመነታሁ፤ ያን ያወራሁት ለነዚያ ሹፌሮች ብቻ ነበር፣ ምንጣፋችን ላይ ለተቀመጡት። ግን ከሹፌሮቻችን አንዱ ግራር ሥር ተቀምጧል። "አሰማለሁ" አልኩት። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አላናገረኝም።

በስብሰባው ክፍል ውስጥ ማራገቢያው ይንጫጫል። ባለሙያው መጀመሪያ የሐሰቱን፣ ቀጥሎ የኔን ከፈተ። እኔ ስለ እናቴ፦ "ደከመች፣ ምን ላድርግ" እላለሁ። ሌባው፦ "ምን ላድርግ ብለህ ነው" ይላል። ትንፋሹ የሚቆረጠው አንድ ቦታ ነው፣ ሳጉም አንድ ነው። ተናድዶ የመጣው የአዳማ ነጋዴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የኢንሹራንሱ ሰው መስኮት መስኮቱን ያያል። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የራሴን ለቅሶ እንደ ሌላ ሰው ለቅሶ እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ። ፖሊሱ "ይበቃል፣ ይበቃል" አለ።

"ገብቶዎታል?" አልኩት።

"እ... መሰለኝ" አለ።

"እንግዲያው ይደገም" አልኩ። ባለሙያው አየኝ። "ይደገምላቸው" አልኩት። መሰለኝ በሚል ቃል ሰው አይፈታም። ደገመው። እሱ ሳይጨርስ ፖሊሱ ገብቶኛል ብሎ ተነሣ።

መልእክቱ የተላከበትን ስልክ ከሹፌሩ ጋር የሚያገናኝ ነገርም ስላልተገኘ ተፈታ። ጎማው አልተገኘም፣ ሌቦቹም አልተያዙም። ድምፄን ማን አውጥቶ እንደሰጠ ማወቅ አልቻልንም። በቡድኑ ውስጥ ሥራ የለቀቁ ሹፌሮች ነበሩ፣ ደላሎች ነበሩ፣ ማን እንዳስገባቸው የማይታወቅ ሰዎችም ነበሩ። ቡድኑን ዘጋሁት። የአዳማው ነጋዴ ይቅርታ ጠይቆኝ ሲያበቃ ጭነቱን ለሌላ ድርጅት ሰጠ፤ አልፈርድበትም። አሁን ትእዛዝ የሚወጣው በጽሑፍ ነው፤ ሹፌሩ መልሶ ቢሮ ይደውላል፣ ቢሮው ደግሞ ከደንበኛው ያረጋግጣል። እስኪረጋገጥ ድረስ መኪኖቻችን ዲቾቶ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ይውላሉ፣ ሹፌሮቹም እኔን ይራገማሉ። ስደውልላቸው "ዛሬስ አንቺ ነሽ ወይስ ማሽንሽ?" ይሉኛል። እነሱ ይስቃሉ። እኔን ግን አያስቀኝም።

ድምፅ መላክ ተውኩ። ለወንድሜም ሳይቀር የምጽፈው በጽሑፍ ሆነ። ብቻዬን ስሆን እንኳ እናቴ ትዝ ስትለኝ ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ። የሚሰማኝ ያለ ይመስለኛል። ድርጅቱ ሹፌሩን ወደ ሥራህ ተመለስ ብሎት ነበር፤ አልተመለሰም። አልደወለልኝም፣ እኔም አልደወልኩለትም። ያሳሰረው ድምፅ የኔው ነው፤ በዚያው ድምፅ ምን ብዬ ልጠይቀው?

በዓል ሰሞን ፈቃድ ወስጄ አዋሽ እናቴ ቤት ነበርኩ። ከወንድሜ ጋር ታርቀናል። ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ፤ የወንድሜ ሚስት ከፈተችና "እንግዳ ነው" አለች። እሱ ነበር። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ ቆብ አድርጓል፣ ስኳር በወረቀት አስጠቅልሎ ይዟል። መኪና ሳይነዳ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ በአውቶቡስ ከኮምቦልቻ ነው የመጣው።

ተቀመጠ። ውኃ አቀረብንለት። ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፣ ደኅና ናቸው አለኝ። ውኃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"እታለም" አለ በመጨረሻ፣ "እናትሽ የሞቱ ጊዜ ጅቡቲ ነበርሁ፤ አልደረስሁም። በኋላ ያን ቀን በስልክ ‘ሐዘን አይደል’ ስትይኝ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ብዬ፣ ዱዓ አድርጌ፣ ድምፅ መልሼልሽ ነበር። ቢሮ ሲያሰሙሽ እዚያ ሳይደርሱ ነው ያቆሙት። ያን ያልሁት ለሌባው ነው። አንቺን ገና አላጽናናሁሽም። እንደገና በስልክ ማለት ከበደኝ። እኔ መሆኔን በምን ታውቂያለሽ?"

ይህን ብሎ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ለእናቴ ዱዓ ጀመረ። አሚን ልል አፌን ስከፍት አልሆነልኝም። ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። እስክጨርስ ድረስ እጆቹን አላወረደም።